በቅጹ ላይ ለሞተችው እህቴ

ኅዳር 4 ቀን

ሚጢጢ፣

ልጄን ከሥራው ያስነሣሽው አንቺ ነሽ። ሰላምታው ለዛሬ ይቆየን። ሁለት ዓመት ሙሉ «እንደምን ከርመሻል» እያልኩ ስጀምር ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን እንዴት እንደከረምሽ ለመጠየቅ ልቤ አልፈቀደም።

«ካርዱ ደረሰው? ደስ አለው?» ብለሽኛል። ደርሷል፤ እሱ እጅ ግን አልገባም። አበባ የተሣለበት ካርድ፣ የባሕር ማዶ ቴምብር ለጥፈሽ፣ «እንኳን ደስ ያለህ የእህቴ ልጅ፣ ያዘለችህ አክስትህ» ብለሽ ጽፈሽ ወደሚሠራበት ቢሮ ላክሽ። ከውጭ የገባ ዝንብ እንኳ ወደሚመዘገብበት ቢሮ! ጥቅምት 28 ቀን ጠዋት ካርድሽ በር ላይ ደረሰ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መታወቂያውን ተቀብለው «እስክንጠራህ ቤትህ ቁጭ በል» አሉት።

ጭምቱን ታውቂዋለሽ፤ ቅጽል ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። ጃኬቱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ይኸው ሰባተኛ ቀኑ። ምራቴ ምግብ ታቀርባለች፣ ምግቡን መልሳ ታነሣለች።

ያ ደስ ብሎኝ የጻፍኩልሽ ዕድገት ምን እንደነበረ ምናልባት አልገባሽ ይሆናል። እስከ ዛሬ የተበላሸ የመገናኛ መሣሪያ እያመጡለት ይጠግን ነበር። ዕድገቱ ግን ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ የመንግሥት ምስጢር ወደሚመጣበትና ወደሚሄድበት ክፍል የሚያስገባው ነው። እዚያ ለመግባት የምስጢር ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ከመስጠታቸው በፊት ዘመድ አዝማድ ይቆጥራሉ፤ ማን ሞተ፣ ማን አለ፣ ማን ውጭ ሄደ፣ ማን ከማን ጋር ይጻጻፋል። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ተበጥሮ፣ ተንጠርጥሮ፣ ከነፋስ የተረፈ እንደሆነ ነው የሚገባው። የእኔን ልጅ ነፋሱ ይዞት ሄደ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሦስት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ «የሚሠራበት ክፍል መስኮት አለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ያኔ ሞኝ ነበርኩና መለስኩልሽ። አሁን ሳስበው፣ አንቺ ለመስኮቱ ምን ቤት ነሽ? ባልሽስ ወደብ ላይ ዘበኛ ነው ብለሽኛል። የምን ወደብ? የማን ዘበኛ? የፖስታሽንም ሙጫ አየሁት፤ ሁለት ጊዜ የተቀባ ይመስላል። መጀመሪያ አንቺ ቀባሽው እንበል። ሁለተኛ ማን ቀባው?

መልስሽን እንደ ወትሮው በምማርበት ትምህርት ቤት በኩል ላኪ። ቤቴ እንዳትልኪ።

ታላቅሽ


ኅዳር 26 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታውን አንቺ ብትተዪውም እኔ አልተወውም፤ እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ካርዱን የላክሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የቢሮውን አድራሻ ግን ከየት አመጣሁት? በሰኔው ደብዳቤሽ መንገዱን፣ የበሩን ቁጥር፣ ፎቁን ሳይቀር በሦስት መስመር ጽፈሽልኛል። «ይኸውልሽ፣ ይህን ሁሉ ሳላሳስት ጻፍኩት» ብለሽ ከሥሩ አስምረሽበታል። እኔ ደግሞ እትዬ ይህን ያህል ለፍታ የጻፈችው ልልክበት ነው ብዬ አሰብኩ።

ስለ መስኮቱ ልንገርሽ። አንቺ ሥራ ስትወጪ ልጁ የሚውለው እኔ ጀርባ ላይ ነበር። በር ከተዘጋ ትንፋሹ እስኪቆም ያለቅስ እንደነበረ ረሳሽው? ገርበብ አድርጌ ካልተውኩት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ጎልማሳ ሆኖ በተዘጋ ክፍል እንዴት እንደሚውል አስጨነቀኝ። ሌላ ነገር የለውም።

ባሌም ዘበኛ ነው፤ የሚጠብቀው ሙዝ የጫነ መርከብ ነው። እሱ ሰላይ ቢሆን ኖሮ ግንባሩ ላይ ሰቅሎት የሚፈልገውን የገዛ መነጽሩን ባገኘው ነበር።

አሁን እኔም ልጠይቅሽ፤ አትቆጪ። እኔ ጥያት የመጣሁት እህቴ ስሟን እንኳ አትጽፍም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ወሬሽን የምሰማው በመንገደኛ አፍ ነበር። ድንገት ከሁለት ዓመት በፊት ደብዳቤ መጣ፣ ፊደሉ እንደ ረድፍ የቆመ። ደስታዬ ጥርጣሬዬን ሸፍኖት ኖረ። ይህ የአሁኑ ግን የቁጣ ደብዳቤ ነው፤ እህቴ ደግሞ ስትቆጣ ዝም ትላለች እንጂ እንዲህ አትናገርም። ባሌ «ሌላ ሰው በስሟ እየጻፈልሽ ቢሆንስ?» አለኝ። ልጁ የምስጢር ሥራ ውስጥ ከገባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል።

እህቴ ከሆንሽ፣ ከሁለታችን በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ንገሪኝ። የትኛውን እንደሆነ አልጽፈውም። አንቺው ታውቂዋለሽ።

በሚያዝያ ወደ አገር ልመጣ ስላሰብኩት ጉዞ ዛሬ አላነሣም።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ሚጢጢ፣

እንደምን ሰነበትሽ። እዚህ አጣሪ፣ እዚያም አጣሪ። እሺ፤ ልመርመር።

ለትምህርት ቤት የተመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። አባታችን ከሁለታችን አንዳችንን ለማስተማር ነበር አቅሙ፤ ታላቅ ስለሆንኩ እኔን አስመዘገበ። እናታችን በዚያው ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች፣ አባታችንም ለሥራ ራቅ ብሎ ሄደ። አንቺ ማስታመም አትችይም፤ ውኃ እንኳ ስትቀጂ ግማሹን እግርሽ ይጠጣዋል። ቀሚሴንና ጫማዬን አልብሼ፣ ጫማው ሲሰፋሽ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ በእኔ ፈንታ ላክሁሽ። አንድ ዓመት ሙሉ በእኔ ስም ሲጠሩሽ «አቤት» አልሽ። አባታችን ሲመለስ «እኔ ትምህርት አልወድም» አልኩት፣ ለዚህም ተገረፍኩ። አሁን እህትሽ ነኝ?

ደግሞ ማንን እንደምጠረጥር ልንገርሽ። ሰው መጠርጠር ከጀመሩ የሚቀር የለም።

አንደኛ ምራቴን። መስከረም ላይ ጣቴን አይታ «እማማ፣ ምን ነክተው ነው የጠቆረው?» አለችኝ። «ድስት» አልኳት። ድስት የሚያጠቁረው መዳፍ ነው፤ እሷ ያየችው የሁለት ጣት ጫፍ ነው። ሞኝ አይደለችም፤ ዝም አለች። ዝምታዋ ነው ያላማረኝ።

ሁለተኛ መምህሯን። የአንቺ ደብዳቤ የሚገባው በእሷ እጅ፣ የእኔ የሚወጣው በእሷ እጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የምንማረው ሽማግሌዎች አሥራ አንድ ነን፣ መጽሐፉ ሦስት ነው። ለአራት አንድ መጽሐፍ ጠረጴዛ መካከል ይደረጋል፤ እኔ ሁልጊዜ ማዶ ስለምቀመጥ ፊደልን የለየሁት በአናቱ ቆሞ ነው። መምህሯ «እማማ፣ እርስዎ ጋዜጣ ቢገለብጡብዎትም አይቸግርዎትም» እያለች ታስቀናቸዋለች። አስተምራኛለች፣ ቴምብር የሚለጠፍበትን አሳይታኛለች። ሰው በነጻ እንዲህ ደግ ይሆናል? ይህንንም ደብዳቤ የምሰጠው ለእሷ ነው። ሌላ ማን አለኝ? ግን ፖስታውን ራሴ አጣብቄ፣ ከማጣበቂያው ሥር አንድ ዘለላ ፀጉሬን አሻግሬበታለሁ። ተበጥሶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

መማሬን ለልጄ ለምን እንዳልነገርኩት ትጠይቂኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ወሬውን ጀምሬለት «አሁን ተምረሽ ልትሾሚ ነው እማዬ?» ብሎ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ሳቀ። እኔም አንድ የደስታ ቀን ጠብቄ አስደነግጠዋለሁ ብዬ ሆዴ ውስጥ ያዝኩት።

ቀኑ ጥቅምት 9 ሆነ። የቢሮው አጣሪ ዘመድ የሚቆጠርበትን የቤተሰብ ቅጽ ይዞ ቤታችን መጣ። ንጹሕ ሰው ነው፤ እርሳሱ ከጣቱ ታጥራለች፣ ሲቀመጥ ሱሪው እንዳይጨማደድ ጉልበቱ ላይ ሳብ ያደርጋል። ቅጹን ጭምቱ ሞልቶታል፤ የእናት ምስክርነት ብቻ ነው የቀረው። አጣሪው «አንብብላቸው» አለው። ልጄ አነበበልኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ። ታውቂያለሽ፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ሲያነብልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው፤ ቃሉ በጨለማ ይበልጥ ይታየኛል። ስምና ዕድሜ አነበበ፣ አባትየው ሟች ብሎ አነበበ፣ «ይኸው ነው እማዬ» አለ። ዓይኔን ገለጥኩ። የቀለም ሳጥኑን ለአውራ ጣቴ ከፍቶ አቀረበልኝ።

ሳጥኑን ወደዚያ ገፋ አድርጌ ብዕሩን ከአጣሪው እጅ ወሰድኩ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። አንዱን ፊደል አልሳትኩም። አጣሪው ፊርማዬን ረጅም ጊዜ አየው፤ ተደነቀ ብዬ ደስ አለኝ። ጭምቱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። የደስታ ድንጋጤ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ኋላ ሲጠይቀኝ «መምህር የሆነች ወዳጄ ስሜን አለማመደችኝ» አልኩት፤ ደብዳቤውን አልነገርኩትም።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያንኑ ቢሮ ያጸዳሁ ሴት ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ቤቱን። ያስቀጠረኝ አለመማሬ ነው። ጡረታ ስወጣ የመዝገብ ቤቱ ሹም እየሳቀ ነገረኝ፤ በየዓመቱ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ይተዉልኝ ነበር አሉ። ማንበብ የሚያውቅ ሰው እጁ አያስችለውም፣ ያቃናዋል። «አንቺ ግን አንድ ቀን አላቃናሽም፤ እንደ ድንጋይ ነበር የምናምንሽ» አለኝ። በዚያን ጊዜ ምስጋና መሰለኝ።

ታላቅሽ


ጥር 20 ቀን

ሚጢጢ፣

ፀጉሬ ሳይበጠስ እንደደረሰሽ ነግረሽኛል። «ግን መቼ ነው እንዲህ የነጣው?» ብለሻል። እንጃ፤ አንቺ ስለሌለሽ የሚነግረኝ አልነበረም። መምህሯን ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ግን እንደጠረጠርኳት ስለማታውቅ ይቅርታው ራሱ ስድብ ይሆንባታል ብዬ ተውኩት።

ቅጹ ላይ አንቺ ምን ተብለሽ እንደተጻፍሽ ጠይቀሽኛል። ይህን ጥያቄ ባትጠይቂኝ ደስ ባለኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ማክሰኞ አጣሪው እንደገና መጣ። ቅጹን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋውና ወደ ጭምቱ ዞሮ ስለ ሥራ ዘመኑ ይጠይቀው ጀመር። ወረቀቱ ፊቴ ነበር። በዚህ ጊዜ የሚያነብልኝ ሰው ስለሌለ ዓይኔ ክፍት ነው። አፌን ሳላንቀሳቅስ፣ ጣቴን ሳላስጠጋ፣ ቀስ ብዬ ሄድኩበት።

«የእናት እህት፦ አንዲት። የሞተች። ምክንያት፦ የሳንባ በሽታ። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት።»

ሚጢጢ፣ ገድሎሻል። የበሽታውን ዓይነት እንኳ መርጦልሻል።

ወረድ ብዬ አነበብኩ። «እናት፦ ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ ከማንም ጋር የማትጻጻፍ።» ከዚያ ሥር ምን አለ? የእኔ ፊርማ። እንደ ሙሽራ የተኳኳለ፣ ከነአባቴ።

አጣሪው ወደ እኔ ዞሮ «እናቴ፣ ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ ማንበብ ይችላሉ ማለት ነው?»

ጭምቱ ከአፌ ነጠቀኝ። «ስሟን ብቻ ነው። እንደ ሥዕል ነው የምትስለው፤ ሰው አለማምዷት ነው።»

«እውነት ነው እናቴ?»

ምን ልበል? እችላለሁ ብል፣ ልጄም እኔም ውሸት እያወቅን ፈርመናል ማለት ነው፤ ሐሰተኛ ቃል መስጠት ያሳስራል። አልችልም ብል… አልወጣልኝም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ጻፈው፤ አጭሯ እርሳስ ስትንቀሳቀስ አየሁ። ሲነሣ «ይህን መዝገብ የከፈትነው ጥቅምት 10 ነው፤ ፊርማዎን ባየሁ ማግሥት። ካርዱ ኋላ መጣና አጸናው» አለኝ። ያለኝ በትሕትና ነው፤ እንደ ምክር ነው ያለኝ።

ስለዚህ ያንቺ ካርድ አይደለም። ካርዱ ሲመጣ ልጄ አስቀድሞ ወጥመድ ውስጥ ነበር። ወጥመዱን የረገጥኩት እኔ ነኝ፣ ለዚያውም በኩራት። ኅዳር ላይ የጻፍኩልሽን አሁን ከእጅሽ ብነጥቀው ደስታዬ ነው፤ የተጻፈ ነገር ግን አይነጠቅም። ይቅር በይኝ።

ሰውየው ከወጣ በኋላ ጭምቱ አፉን ከፈተ፤ ለሦስት ወር የተጠራቀመውን።

«እማዬ፣ ማን ጻፊ አለሽ?»

«አንተን ማን ግደል አለህ?»

«የት ታውቃለች፣ ማን ያያታል፣ ሃያ ምናምን ዓመት የሄደች ሴት! ቢሮ ውስጥ ስንቱ አክስቱን ገድሎ ነው የገባው። ዘመድ ውጭ አለኝ ያለ ሰው ያቺን በር አያልፋትም።»

«የአንተን ሽንት ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ያሳደገች ናት።»

«አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ጭምቱ ሲጮህ በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሟን ብቻ ነው አይደል የምታውቂው እማዬ? ሌላ የምታውቂው ነገር የለም አይደል?» አለኝ።

በልጄ ዓይን ውስጥ የአጣሪውን ዓይን አየሁ።

«የለም» አልኩት።

ታላቅሽ


የካቲት 12 ቀን

እትዬ፣

ከመቃብር በታች ሆኜ እንዴት አለሽ እላለሁ። ደብዳቤሽን ለባሌ ሳነብለት «አሥራ አንድ ዓመት ከሞተች ሴት ጋር ኖሬ ነው ይህን ያህል የተጨቃጨቅሁት?» አለ። ሳቅን። ስቀን ስቀን ስንጨርስ እሱ ወጥቶ በረንዳ ላይ ቆመ፣ እኔ ዕቃ አጠብኩ።

ልጁን አትጥዪብኝ። ገርበብ ያለውን በር ስለዘጋው ነው የሚያለቅሰው፤ እኔ አውቀዋለሁ። የኅዳሩንም ደብዳቤ አልመልስልሽም፣ ቁጣሽን ያየሁበት አንድ ወረቀት እሱ ነው።

ኋላ አስከትለሽ በላክሻት አጭር ደብዳቤ፣ ሌላ ወረቀት አዘጋጅተው ጣትሽን አሳርፊ ሊሉሽ እንደሚችሉ ጽፈሻል፤ ላሳርፍ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አሳርፊ። እኔ ሞቼ እሱ ደግሞ ከታሰረ ለማን በጀ? እኔ እንደሆንኩ መሞቴን ለምጄዋለሁ።

ደብዳቤውን ግን አታቁሚብኝ። ጉዞዬንም አልተውም። ሚያዝያ 10 እሳፈራለሁ። እቤታችሁ አልመጣም፣ የልጁንም ስም አልጠራም፤ የምትማሪበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቅዳሜ ከሰዓት እቆማለሁ። ስትወጪ እንደማያውቅሽ ሰው አልፍሻለሁ። ስታልፊ አንድ ጊዜ ልይሽ፤ ያን ያህል ብቻ።

ሟችሽ


መጋቢት 20 ቀን

ሚጢጢ፣

ሚያዝያ 10 እንዳትሳፈሪ። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት ሌላውን ለማንበብ ልብ ባይኖርሽ እንኳ ይህቺን እንድታውቂ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጠሩን። ያው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው አለ፤ ከአግዳሚው ሥር አቧራ አየሁ፣ በእኔ ጊዜ አልነበረም። አዲሱን ወረቀት ለጭምቱ አስቀድመው ሰጥተውት ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ «እማዬ፣ ላንብብልሽ» አለኝ። ልጄ ነው፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አራት መስመር አነበበልኝ። አንደኛ፣ ስሜን ከመሳል በቀር ማንበብም መጻፍም አልችልም። ሁለተኛ፣ ከባሕር ማዶ ሰው ጋር ተጻጽፌ አላውቅም። ሦስተኛ፣ አንዲት እህት ነበረችኝ፣ ሞታለች። አራተኛ፣ ልጄ በቅጹ ላይ የሞላው ሁሉ እውነት ነው። «ይኸው ነው» አለኝ። ሦስተኛውን ሲያነብ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ እኔም እጁን ያዝኩት። አንቺ ፈቅደሽልናል፤ ቀለለኝ።

ገባን። አጣሪው ሱሪውን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ወረቀቱን ከጭምቱ ተቀበለና፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ሲያንሸራትተው አዞረው። ፊደሎቹ በአናታቸው ቆመው መጡልኝ። የቀለም ሳጥኑን ከፍቶ አጠገቡ አኖረ፣ ከዚያ እጆቹን አጣምሮ የእኔን እጆች ያይ ጀመር።

ያ የድሮው ወረቀት ነው፣ ሚጢጢ። ሃያ ስድስት ዓመት ያላወቅሁት ፈተና፣ ያወቅሁ ዕለት መጣ።

ጣቶቼ እንዴት እንደበሉኝ! ወረቀቱን ለማቃናት ያን ያህል ትንሽ ነገር ነው የሚያስፈልገው፣ በአንድ ጣት ገፋ ማድረግ። እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ዓይኔን ግን ማን ያስቀምጠው? ማዶ ተቀምጬ የተማርኩ ሴት ነኝ። አንደኛውን አነበብኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ከዚያ በኋላ ያልተነበበልኝ ሌላ መስመር ነበር።

«አምስተኛ፦ ባሕር ማዶ ሆና እህቴ ነኝ የምትለውን፣ ለልጄም ካርድ የላከችውን ሴት አላውቃትም። ወደ አገር ልትገባ ብትሞክር በአታላይነት ተይዛ እንድትጠየቅልኝ አመለክታለሁ።»

ጭምቱን ቀና ብዬ አየሁት። እሱ የሚያየው መስኮቱን ነበር። መስኮት አለው፣ ሚጢጢ፤ ደጋግመሽ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ይኸው በዓይኔ አየሁልሽ። የብረት ፍርግርግ ያለበት ነው።

እንግዲህ እውነቱን ልጻፍልሽ፤ ላንቺ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ። አንብቤም ጣቴን አልመለስኩም። ሁለት ልጆች አሉት። ከዚያች ወንበር ብድግ ብል እሱ ወደ ቤት አይመለስም ነበር። አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ ጫንኩ፣ ወረቀቱን እንደተገለበጠ ፈለግኩና ወደ እኔ የቀረበው ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ። አጣሪው ወረቀቱን አቅንቶ አየው። አሻራዬ ያረፈው ከላይ፣ ቀኑ በሚጻፍበት ቦታ ነው። ፈገግ አለ።

«ልክ እንደ ድሮው ነዎት እናቴ» አለኝ።

አምኖኝ ይሁን፣ ወይስ ሁሉንም አይቶ ትቶልኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ክንዴን ይዞኝ ነበር። መንገድ ላይ ቆም አልኩና «ያን ወረቀት ድገምልኝ፤ ምን ምን ነበር?» አልኩት። ሚጢጢ፣ ያኔ ቢነግረኝ ይቅር ባልኩት። እንዲነግረኝ በር ገርበብ አድርጌ ተውኩለት። አንደኛ አለ፣ ሁለተኛ አለ፣ ሦስተኛ አለ፣ አራተኛ አለ። «ይኸው ነው እማዬ» አለኝና የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ እንዳያደናቅፈኝ ክንዴን ጠበቅ አደረገው።

ስለዚህ እንዳትመጪ። በሩ ላይ ወረቀቱ ይጠብቅሻል፣ ወረቀቱ ላይ ጣቴ አለ። እህቴ ናት ብዬ እንዳልጮህልሽ የገዛ ጣቴ አፌን ይዞታል። አንድ ጊዜ ጫማዬን አልብሼ፣ የእኔን ስም አስይዤ በበር አስገባሁሽ፤ አሁን ያንቺን ስም ነጥቄ በር ዘጋሁብሽ። እኔና አንቺ እንግዲህ በዚህ ተቆራረጥን። ባልሽን ጤና ይስጥልኝ በይው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ መምህሯ ወደ ዘመዶቿ ከተማ ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች። ፀጉር አላስገባሁበትም፤ ቢበጠስም ባይበጠስም ልታስታውቂኝ አትችይምና። ትምህርቱን ትቻለሁ፤ ማንበብ የማትችል ሴት ቅዳሜ ከሰዓት የት ትሄዳለች? ደብዳቤዎችሽን አልመልስልሽም፣ አላቃጥላቸውምም። ያሉበትን አልነግርሽም፤ አንቺን ጠርጥሬ አይደለም፣ ወረቀትን ጠርጥሬ ነው።

ጭምቱ ፈቃዱን አገኘ። ትናንት አዲሱን መታወቂያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ፣ ግንባሬን ሳመኝ። ሲቀመጥ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሳብ አደረገ፤ ከማን እንደተማረው አውቃለሁ። «ነገ ደግሞ አንዲት ወረቀት አለች እማዬ፣ ቀላል ነገር ናት። እኔ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ጣትሽን ብቻ» አለኝ። «እሺ ልጄ» አልኩት።

ይህ የመጨረሻ ደብዳቤዬ ነው፤ ከእንግዲህ አልጽፍልሽም። ዓይኔን ጨፍኜ አባታችንን ሰማሁ፣ ባሌን ሰማሁ፣ የመዝገብ ቤቱን ሹም ሰማሁ፣ ልጄን ሰማሁ። ይብቃኝ። ከእንግዲህ ልጄ ሲያነብልኝ ዓይኔን አልጨፍንም።